የቤት ጎዛ የአርብ ውሃ

ባለፈው መስከረም እዚህ ኦክላንድ፣ ቴሌግራፍ አቬኑ ላይ ከአውቶቡስ ወርጄ ወደ ቤት ስሄድ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ ሰፈር ውስጥ አረንጓዴ ፍሬዎች የእግረኛ መንገዱና አስፋልቱ ላይ ረግፈው አየሁ። አንዳንዶቹን መኪና ጨፍልቋቸዋል። ሽታቸው ወዲያው አፍንጫዬን ያዘው፤ መራራ ነው፣ ትንሽ እንደ ሎሚ ልጣጭ፣ ትንሽ እንደ ጫማ ቀለም። ቦርሳዬን አስቀምጬ ቁጭ አልኩና አንዱን በጥፍሬ ላጥኩት። ከልጣጩ ስር ጠንካራው የዋልነት ፍሬ ብቅ አለ። ጣቶቼ ቤት እስክደርስ ድረስ ቡናማ ሆኑ፣ ማታ ላይ ደግሞ ጠቆሩ።

እናቴ እጄን አይታ፣ «ምንድን ነው ይሄ? እንሶስላ ሞቅሽ እንዴ?» አለች።

«ዋልነት ነው።»

ሽንኩርት መክተፏን አቆመች። «ጋሽ ዮናስ» አለች። ከዚያ እንደገና መክተፍ ጀመረች። «በሳሙና አትታገይ፣ አሥር ቀን አይለቅም።»

እውነቷን ነው፣ አሥር ቀን አልለቀቀም። እኔም በእነዚያ አሥር ቀናት ውስጥ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

ጋሽ ዮናስን ስናውቃቸው የምንኖረው ሳን ሆዜ ነበር፣ ከስምንት ዓመቴ እስከ አሥራ አንድ ዓመቴ ድረስ። ቤታችን የብረት ደረጃው ከውጭ የሆነ፣ ሰው በወጣ በወረደ ቁጥር ሁሉም ክፍል ውስጥ የሚሰማ ባለ ሁለት ፎቅ አፓርትመንት ነው። እኛ ከላይ፣ ጋሽ ዮናስ ከታች። ትክክለኛ ስማቸው ዮናን ነው፤ እናቴ ግን ገና ሲነግሯት «ዮናስ ማለት ነው» ብላ ወሰነች፣ እሳቸውም አልተከራከሯትም። አሦራዊ ናቸው። እኔ አሦር የሚባል ሕዝብ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የቀረ ይመስለኝ ስለነበር፣ ከእኛ ቤት ስር በነጭ ካልሲና በነጠላ ጫማ ተቀምጦ ቴሌቪዥን የሚያይ አሦራዊ መኖሩ ለብዙ ጊዜ ገርሞኛል።

እናቴ ከትምህርት ቤት ስመለስ እንዲጠብቁኝ ያመነቻቸው በአጎቴ በተስፉ ምክንያት ነው። አጎቴና ጋሽ ዮናስ ዳውንታውን አንድ ፓርኪንግ ውስጥ ለብዙ ዓመት አብረው ሠርተዋል። ከሠራተኞቹ ግማሹ ሐበሻ ስለነበር ጋሽ ዮናስ የፓርኪንግ አማርኛ ያውቃሉ፤ ከዚያ ያለፈ አንድም ቃል አያውቁም። «ና፣ ና፣ ና»፣ «ወደ ኋላ»፣ «ትንሽ ወደ ግራ»፣ «በቃ»። በእነዚህ ቃላት ኑሮን ሁሉ ይነዱ ነበር። ሻይ ስቀዳላቸው «ና፣ ና፣ ና... በቃ» ይሉኛል። ሴት ልጅ ነይ እንደምትባል አጎቴ ሊያስረዳቸው ሞክሮ፣ «መኪና ወንድ ነው ሴት?» ብለው ቢጠይቁት ተወው። የቀረውን በእንግሊዝኛ እናወራለን። የእሳቸው እንግሊዝኛ ዝግ ያለ ነው፤ የእኔ ያኔ ከአማርኛዬ በጣም ይሻል ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከትምህርት ቤት እመጣለሁ፣ እናቴ ከሆስፒታል የጽዳት ሥራዋ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ትደርሳለች። በመካከል ያለው ሰዓት የጋሽ ዮናስ ነበር። የቤታቸው ጠረጴዛ ላይ አበባ የታተመበት ላስቲክ ተነጥፏል፤ ክርኔ በላብ ይጣበቅበታል። እርጎ ዱባ በሚያክል ጎድጓዳ ሳህን ይቀርባል፣ ኪያር ተከትፎበት። ዋልነት ለመስበር መዶሻ አይፈልጉም፤ ሁለቱን በአንድ እጃቸው ጨብጠው ይጨምቁና አንዱ ሌላውን ይሰብረዋል። የትኛው እንደሚሰበር ቀድመን እንገምታለን። እኔ ሁልጊዜ ትንሹ ነው እላለሁ፣ ሁልጊዜም እሳሳታለሁ።

ዋልነቱን የምናገኘው ከአፓርትመንቱ ጀርባ፣ ከቆሻሻ ገንዳው አጠገብ ከቆመው ትልቅ ዛፍ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ድሮ የፍራፍሬ እርሻ ነበር አሉ፤ ዛፉ ከዚያ የተረፈ ነው። ሌሎቹ ጎረቤቶች መኪናችንን አቆሸሸ እያሉ ለማኔጀሩ ያመለክቱበታል። መስከረም ሲገባ ጋሽ ዮናስ በመጥረጊያ እንጨት ይመቱታል፣ እኔ እለቅማለሁ፣ ከዚያ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጠን እንልጣለን። ጓንት የሚባል ነገር የለም። ሦስተኛ ክፍል እያለሁ አስተማሪዬ እጄን አይታ ወደ ነርሷ ላከችኝ፣ ነርሷ ለእናቴ ኮል አደረገች። እናቴ ጋሽ ዮናስን ልትቆጣ ወርዳ አንድ ፌስታል ዋልነት ይዛ ተመለሰች።

ካርታው መቼ እንደተጀመረ አላውቅም። እኔ ስደርስ አራት የግድግዳ ካላንደር ወረቀቶች፣ በጀርባቸው በኩል፣ በፕላስተር ተያይዘው ነበር። ከአልጋ ስር ይወጣል፣ ጠረጴዛው ስለማይበቃው ምንጣፍ ላይ ይዘረጋል፣ ጥግ ጥጉ እንዳይጠቀለል የስኳር ዕቃው፣ የዋልነቱ ሳህን፣ የእሳቸው ጫማና የእኔ ጫማ ይጫንበታል። ወረቀቱ ላይ ያለው ቤት ጎዛ ነው፤ በቱርክና በኢራቅ ድንበር ተራሮች መካከል የነበረ፣ የተወለዱበት መንደር። ሠላሳ አንድ ቤት፣ በእያንዳንዱ ላይ የባለቤቱ ስም። ቤተ ክርስቲያን፣ አውድማ፣ የውሃ ወፍጮ፣ አሥራ አንድ የዋልነት ዛፍ። ቤት ጎዛ ማለት የዋልነት ቤት ማለት ነው። «ቤት በእናንተ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «ቤት» አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ቃል መነገድ ጀመርን፤ ስም ስላቸው ሽማ ይላሉ፣ ሰማይ ስላቸው ሽማያ። እናቴ ውሃ ማያ እንደሆነ ስትሰማ «ማይ ነዋ፣ ግዕዝ ነው የሚናገሩት!» ብላ ለቤተ ክርስቲያን ጓደኞቿ ሁሉ አወራች።

መንደሩ አሁን የለም። ይህን ሲሉ ድምፃቸው አይለወጥም። አሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ላይ ወታደሮች መጥተው በሦስት ቀን ልቀቁ አሉ፤ ለቀቁ፤ ቤቶቹ ተቃጠሉ። ሌሎቹ ሽማግሌዎች አንድ በአንድ አልፈው፣ የትኛው ቤት የማን እንደነበር የሚናገር ከእሳቸው ሌላ አልቀረም ማለት ይቻላል። ዓይናቸው ደግሞ እየደከመ ነበር። ካርታውን ሳይጨርሱ እንዳይቀሩ ይፈራሉ፤ ፍርሃታቸውን ባይናገሩትም፣ ሰኞ ዕለት «ዛሬ የወፍጮውን መንገድ እንጨርሳለን» ብለው ማክሰኞም እንደገና ስለሚሉት አውቅ ነበር። ስለዚህ እኔ እጅ ሆንኩ። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ፣ ማርከር እቀባለሁ።

በቤት ጎዛ ዙሪያ ሦስት የኩርድ መንደሮች ነበሩ። ካኒሳር ከወንዙ ማዶ ነው፤ ሴቶቹ ቅቤ ይዘው መጥተው በዋልነት ይለውጣሉ። ጉንደጆር በምሥራቅ በኩል ነው፤ ሰርግ ሲኖር ከበሮ መቺው ከዚያ ይመጣል፣ እስኪሰክር ድረስ ጎበዝ ነው። ሦስተኛው መንደር ያለበት ቦታ ላይ፣ ከምንጩ አጠገብ፣ በእርሳስ የተሰመረ ክብ ብቻ ነበር። ስም የለው፣ ቤት የለው።

ከሁሉ የምወደው የውሃውን ነገር ነበር። ውሃው ከምንጩ ተነስቶ በቦይ መጀመሪያ በክቡ መንደር ያልፋል፣ ከዚያ ወደ ቤት ጎዛ ይወርዳል። በበጋ ለሁለቱም አይበቃም። ስለዚህ እሁድ ክርስቲያኖቹ ሥራ ስለማይሠሩ ውሃው የላይኞቹ ነው፤ አርብ ሙስሊሞቹ ለጸሎት ስለሚሰበሰቡ ውሃው የቤት ጎዛ ነው፣ ከንጋት እስከ ፀሐይ መግቢያ። ሌላውን ቀን እንጨት ተክለው በጥላው እየለኩ ይካፈሉታል። ቦዩ በሚከፈልበት ቦታ ላይ በጭቃና በጨርቅ የተመረገ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ድንጋዩን ማንሳት ያለበት የላይኛው መንደር ሰው ብቻ ነው፤ የታችኛው መንደር ሰው ከነካው ሌባ ይባላል። አርብ ጠዋት ሰውየው ድንጋዩን ያነሳና ውሃ መጣላችሁ ብሎ ወደ ታች ይጮሃል። ጋሽ ዮናስ ጩኸቱን ሊያሰሙኝ ምንጣፉ ላይ ተንበርክከው፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ጮኹ። የጎን ጎረቤት ግድግዳውን ደበደበ። ሁለታችንም አፋችንን ይዘን ሳቅን።

እንግዲህ ጥፋቴ ይሄ ነው። አንድ ቀን በጥር ወር ሻይ ሊጥዱ ወደ ኩሽና ሲሄዱ፣ ባዶውን ክብ ሞላሁት። አሥራ ሁለት ቤት ሠራሁለት፣ ሁሉንም ቀይ፣ ምክንያቱም ሌሎቹ ማርከሮች ደርቀው ነበር። መስጊድ ጨመርኩ። በግ ጨመርኩ። የረሱት መስሎኝ ነበር፤ ላስደስታቸው ነበር የፈለግኩት።

ሻዩን ይዘው መጡ፣ አጎነበሱ፣ በአጉሊ መነጽራቸው አዩት።

«በቃ» አሉ።

የፓርኪንጉ በቃ ጮክ ያለ ነው፤ ይሄኛው ግን ለራሳቸው የተነገረ ይመስል ነበር። ጫማዬን ከጥጉ ላይ አንስተው በእጄ ሰጡኝና ካርታውን ጠቀለሉት። በማግስቱም በሩን ከፈቱልኝ፣ እርጎም ሰጡኝ፣ ካርታው ግን አልወጣም። ከዚያ ወዲያ ከሳምንት በላይ ቴሌቪዥን ብቻ አየን።

በመጨረሻ ለእናቴ ነገርኳት። ጾመ ነነዌ ነበር። አሦራውያንም እንደኛ እነዚያን ሦስት ቀናት እንደሚጾሙ እናቴና ጋሽ ዮናስ ባለፈው ዓመት ደረጃው ላይ ሲያወሩ አውቀው ሁለቱም ተገርመው ነበር። እናቴ በጎድጓዳ ሳህን ሽሮ ይዛ፣ እኔን አስከትላ ወረደች።

«ጋሽ ዮናስ፣ ልጅቷ ያጠፋችውን አታውቀውም፣ እኔም አላውቀውም። ይንገሩንና እንወቀው» አለች።

ነገሩን። የላይኛው መንደር ውስጥ ሙሳ የሚባል ሰው ነበር፤ አርብ አርብ ድንጋዩን የሚያነሳው እሱ ነው። የሙሳ ልጅ የተገረዘው በጋሽ ዮናስ አባት ጭን ላይ ነው፤ እንደዚያ ከሆነ በኋላ ሁለቱ ቤቶች ዘመድ ይሆናሉ፣ ልጆቻቸው እንኳን አይጋቡም። «አበልጅ ማለት ነው» አለች እናቴ በአማርኛ፣ ለእኔ። መንደሩን ለቀው ሲሄዱ መንገዱ በእነሙሳ ሰፈር ያልፋል። በሩ ሁሉ ተዘግቶ ነበር። የጋሽ ዮናስ እናት የታመመች ሕፃን አዝላ ነበርና ወተት ልትለምን የሙሳን በር አንኳኳች።

«በበሩ ስር የእግር ጥላ ይታየኝ ነበር» አሉ። «ሰው ቆሟል። አልከፈተም።»

ሕፃኗ ድንበሩን ሳይሻገሩ ሞተች። አባታቸው እስኪሞት የዚያን መንደር ስም አልጠራም፤ እሳቸውም ከዚያ ወዲህ አልጠሩትም።

እናቴ ሽሮውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ወታደሮቹ እዚያ መንደር ውስጥም ነበሩ?»

«ነበሩ።»

እናቴ ሽሮውን ወደ እሳቸው ገፋ አደረገችው። «ጋሽ ዮናስ፣ ይሄ ጾም እኮ እግዚአብሔር ነነዌን ስለማረ ነው። የተቆጣው ዮናስ ብቻ ነበር።»

ሽሮውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። «ዮናስ ልክ ነበር» አሉ።

እናቴ ሳታስበው ሳቀች፤ እሳቸውም ከንፈራቸው ትንሽ ፈታ አለ። በማግስቱ ካርታው ከአልጋ ስር ወጣ። ቀዮቹን ቤቶች አልሰረዟቸውም። ስም ግን አልተጻፈም።

ነሐሴ ላይ ከትምህርት ቤት ታብሌት ተሰጥቶኝ ነበር። የዓለምን መሬት ሁሉ ከሰማይ የሚያሳይ ነገር እንዳለበት ሳውቅ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ታች ቤት ነው። እሁድ ስለነበር ልጃቸው ናህሪን መጥታለች። ፕሌዘንተን ከተማ ቢሮ ውስጥ የምትሠራ፣ አባቷን የምትወድ፣ ካርታው ግን የሚያሳዝናት ሴት ናት።

«ባባ፣ እዚያ ምንም የለም። ስንት ጊዜ ነገርኩህ» አለቻቸው።

«ዝም በይ፣ እየነዳን ነው» አሉ።

በእርግጥም እየነዳን ነበር። ስክሪኑ ላይ ቡናማ ተራራ ነው፣ ቀጥሎም ቡናማ ተራራ። እኔ የማየውን እናገራለሁ፣ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይመሩኛል። ወንዙ እንደ ፈረስ ኮቴ የሚታጠፍበት ቦታ አለ፣ አገኘሽው? አገኘሁት። «ወደ ኋላ። ትንሽ ወደ ግራ። ና፣ ና፣ ና...» አጎቴ ተስፉ ቢያየን ኖሮ በሳቅ ይሞት ነበር። ከዚያ ዙም አደረግኩና ዝም አልኩ።

«ምን አለ?»

ቤት አልነበረም። ቀጫጭን የድንጋይ መስመሮች፣ ሰው በጣቱ አሸዋ ላይ የጫረ የሚመስሉ። ልክ ካርታው ላይ እንዳሉት ተደርድረዋል። ነገርኳቸው፤ አንገታቸውን ነቀነቁ፣ ያውቁት ነበር። «ከታች በኩል ግን አረንጓዴ ክቦች አሉ» አልኩ።

ዓይናቸውን ገለጡ።

«ቁጠሪ።»

«ዘጠኝ።»

«አሥራ አንድ ነው።»

«ዘጠኝ ነው ጋሽ ዮናስ፣ ሦስቴ ቆጠርኩ።» ናህሪንም መጥታ በትከሻዬ በኩል ቆጠረች። ዘጠኝ።

አጉሊ መነጽሩን አምጥተው ስክሪኑ ላይ ተደፉ። ትንፋሻቸው መስታወቱን አደበዘዘው። «ፎቶው መቼ የተነሳ ነው?» ከታች ተጽፎ ነበር፤ ያለፈው ዓመት ነሐሴ። ዙሪያው ሁሉ ቡናማ፣ ዘጠኙ ዛፎች ብቻ አረንጓዴ። «ዋልነት ያለ ውሃ ነሐሴን አያልፍም» አሉ ቀስ ብለው። ከዛፎቹ ተነስቼ ወደ ላይ ሄድኩ። የክር ያህል ቀጭን ጥቁር መስመር ነበረ፣ ተከተልኩት። መስመሩ የቆርቆሮ ጣራ ባላቸው ቤቶች መካከል አልፎ ምንጩ ጋ ደረሰ። የቤቶቹ ቦታ የት እንደሆነ ሳልነግራቸው አወቁት። ከዚያ በላይ ሌላ መንደር የለም። ድንጋዩን ማንሳት የሚችል ሌላ ሰው የለም።

«እያነሱት ነው» አሉ።

ናህሪን እጇን ትከሻቸው ላይ አደረገች። «ባባ፣ ለራሳቸው ብለው ይሆናል እኮ። ዋልነቱን ለቅመው ይሸጡት ይሆናል።»

«ይሽጡት።» ወደ እኔ ዞሩ። «ቀኑ ምንድን ነው?»

«ወሩና ዓመቱ ብቻ ነው ያለው፣ ቀኑን አይልም።»

«አርብ ነው» አሉ።

ካርታውን አወጣን። ጥግ ጥጉ ላይ የስኳር ዕቃው፣ ሳህኑ፣ የእሳቸው ጫማ፣ የእኔ ጫማ። እስክሪብቶ ሰጡኝና ፊደሎቹን አንድ በአንድ ነገሩኝ፣ ናህሪን ቆማ እየሰማች። ሂናራ። ልጃቸው የመንደሩን ስም ስትሰማ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር። ሮማን ማለት ነው አሉ፤ ቀዮቹን ቤቶች በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉ። ቦታው ስለጠበበኝ የመጨረሻውን ፊደል አሳንሼ ጻፍኩት። «ና፣ ና...» አሉ ከራሴ በላይ ሆነው፣ «በቃ።»

እናቴ ማታ፣ ጋሽ ዮናስ የላይኞቹን ይቅር አሏቸው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት፤ አሁንም አላውቅም። ስሙን ግን ጻፍነው፣ ካርታውም አለቀ።

በሚቀጥለው ዓመት እናቴ ኦክላንድ ሥራ አገኘችና ተዛወርን። ጋሽ ዮናስ ከዚያ ወዲህ ሁለት ክረምት ቆይተው አረፉ። ለቀብራቸው ሳን ሆዜ ሄድን፤ አጎቴ ተስፉና የድሮው ፓርኪንግ ሐበሾችም መጥተው ከኋላ በኩል በአንድ ረድፍ ተቀምጠው ነበር። ከቀብር በኋላ የቤተ ክርስቲያናቸው አዳራሽ ውስጥ ምግብ ቀረበ። ካርታው እዚያ ግድግዳ ላይ፣ በመስታወት ውስጥ ተሰቅሏል። ጥቁር የለበሱ አንዲት አሮጊት መስታወቱ ላይ ጣታቸውን አድርገው ቤት ለቤት ያነባሉ። ቀዮቹ ቤቶች ጋ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ትንሽ ቆዩና መንገዱን ተከትለው አለፉ።

ናህሪን ልንወጣ ስንል መኪናችን ድረስ መጣች፣ የቀለም ባልዲ ታቅፋ። ባልዲው ውስጥ ሦስት ቅጠል ያላት እንጨት ቆማለች። «ከጀርባ ካለው ዛፍ ነው፣ ለአንቺ ብሎ የተከለው» አለችኝ። ኦክላንድ እስክንደርስ በጉልበቶቼ መካከል ይዣት መጣሁ።

አሁን ትከሻዬ ጋ ደርሳለች፣ ባልዲውንም ሁለቴ ቀይረንላታል። ፍሬ ገና የላትም። አርብ ከትምህርት ቤት ስመለስ ውሃ አጠጣታለሁ። እናቴ መጀመሪያ ላይ፣ «ሌላውን ቀን ዛፏ ጾመኛ ናት እንዴ?» ብላ ስቃብኝ ነበር። ሰኞና ረቡዕ እኔ ሳልኖር እንደምታጠጣት አፈሩን ነክቼ አውቃለሁ። አርብን ግን አትነካም።